በአገዳና በእሾህ የተሠራ ስኳር

ባለቤቴ ታሞ አልጋ ከመያዙ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ የበቆሎ አገዳ መላጥ ነበር። ኅዳር ውስጥ ነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሰሌን አንጥፈን ተቀምጠናል። ከጎረቤት ማሳ የለመንነው የደረቀ አገዳ ከመካከላችን ተከምሯል። እኔ ጠንካራውን ቅርፊት በቢላ እልጣለሁ፤ እሱ እንደ ጥጥ የሚቀለውን ነጭ ውስጡን እየተቀበለ በጣት አንጓ ልክ ይቆራርጠዋል። አጠገቡ በጣሳ የተቀመጠ የአጋም እሾህ አለ፤ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከአጥር የለቀምነው ነው። ሁለት ቁራጭ ያነሣና በአንድ እሾህ ያያይዛቸዋል። ከዚያ ሦስተኛውን ያስከትላል። ከዚያ አራተኛውን።

እሱ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበር። እኔ በአንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። በማግስቱ ለተማሪዎቹ የሚያሳየው ነገር ፈልጎ ነው ሥራውን የጀመረው። መጽሐፉ ላይ ጉበት ስኳር እንዴት እንደሚያከማች የሚያሳየው ሥዕል ጠፍጣፋ ነው፣ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይሸመድዱታል እያለ ሲማረር ሰንብቶ ነበር።

«ይህ ሁሉ ስኳር ነው?» አልሁት።

«ሁሉም ስኳር ነው። ያውም አንድ ዓይነት። ግሉኮስ።»

«ታዲያ ምን አስቀመጠን? ገበያ አናወጣውም?»

«አንቺን ነጋዴ አድርጎ ቢፈጥርሽ ይህን ጊዜ ቡሬ ላይ ፎቅ ይኖረን ነበር።»

ይህን ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ሆዱን ያዘ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ ሆዱን መያዝ ጀምሮ ነበር።

እኔም መላጡን ትቼ መቀጣጠል ያዝሁ። ቀጥ ያለ ረጅም ነገር ሠርቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ተቀበለኝና ጫፉን በቢላ ቆረጠው።

«ምን አደረግሁህ?» አልሁት። «ይህን ያህል ደክሜበት።»

«እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰውነት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ በይ። አንዱ እንደ አንቺ ነው፤ ጫፍ ላይ አንድ አንድ እየጨመረ ያስረዝማል፣ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሁለተኛው እንደ እኔ ነው። የረዘመውን ከጫፉ ሰባት ያህል ይቆርጥና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጎኑ ላይ ይተክለዋል። ቅርንጫፍ የሚገኘው እንዲህ ነው። ከውጭ አይመጣም። ከራሱ ተቆርጦ በራሱ ላይ ነው የሚተከለው።»

«ኤንዛይም ማለትህ ነው።»

«ኤንዛይም ካልሁሽ እንቅልፍ ይወስድሻል ብዬ ነው።»

የቆረጠውን ቁራጭ ጎኑ ላይ በእሾህ ወጋው። አሁን አንድ የነበረው ጫፍ ሁለት ሆነ። በሁለቱም ላይ ጨመርሁ፤ እሱ እንደገና ቆረጠ፣ እንደገና ተከለ። እኔ ሳስረዝም እሱ ሲቆርጥ ነገሩ ቁጥቋጦ እየመሰለ ሄደ። ቀጥ ብሎ ቢቀር ምን ይጎድለዋል ብዬ ጠየቅሁት። መሬት ላይ ከወደቀው ልጣጭ አንዱን አነሣና አሳየኝ።

«ቀጥ ብሎ ሲቀር ይህ ይሆናል። ይህም እኮ ያው ስኳር ነው። አያያዙ ሌላ ስለሆነ ቅርንጫፍ የለውም፣ ይጠነክራል፣ እኛ ብንበላው አይፈጭልንም። ጉበት የሚያስቀምጠው ግን ለችግር ቀን ነው። ችግር ደግሞ ቀስ ብሎ አይመጣም። አንድ ጫፍ ብቻ ቢኖረው፣ አንድ በአንድ ሲነቀል ሰውየው ይወድቃል። ብዙ ጫፍ ካለው ከሁሉም በኩል በአንድ ጊዜ ይነቀላል።»

«የሚነቅለውስ ማን ነው?»

«እሱ ሌላ ሠራተኛ ነው። ከጫፍ እየነቀለ ይመጣና፣ መገንጠያው ጋ ለመድረስ አራት ሲቀረው ይቆማል። መገንጠያውን አይችለውም። ሌላ መጥቶ ሦስቱን አንሥቶ ወደ ሌላ ጫፍ ያዛውርለታል፤ መገንጠያው ላይ የቀረችውን አንዲቷን ነቅሎ መንገዱን ይከፍትለታል።»

«ያኛው ባይመጣስ?»

«ያኔ ስኳሩ እያለ ሰው ይራባል» አለና እሾህ ከጣሳው አወጣ።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የራሱን ጉበት አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም። ከክረምቱ ጀምሮ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሐኪሙ ጉበቱ ጠባሳ ይዟል፣ ወደ ነበረበት አይመለስም ብሎናል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፤ ባዶ ሆዱን አይዋል፤ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የሆነ ነገር ይቅመስ ሲልም አዝዞ ነበር። ጤነኛ ጉበት ሰው ተኝቶ ሳለ ካከማቸው ላይ እየነቀለ ለሰውነት ያድላል። የእሱ ግን የሚያከማችበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ስንተኛ በሶ በማር አሽቼ አንድ ጭብጦ ትራሱ አጠገብ በሰሃን አስቀምጥለት ነበር። ሲነጋጋ ዓይኑን ሳይገልጥ ይበላዋል። «ከዘባረቅሁ፣ ከላበኝ፣ እጄ ከተንቀጠቀጠ አትደንግጪ። አፌ ውስጥ ስኳር ጨምሪ» ብሎኝ ነበር። ስለ በሽታው ያስተማረኝ ይህን ብቻ ነው።

የሠራነው ነገር በመጨረሻ ትልቅ ቅርጫት ያህል ሆነ። ነጭ ነው፣ በየመጋጠሚያው የእሾህ ጫፍ ይታያል። እንዳይሰበር ብሎ ሳሎን ውስጥ ከጣሪያው እንጨት ላይ በክር ሰቀለው። ነገ እወስደዋለሁ አለ። ሰኞ ጠዋት ግን ከአልጋ መነሣት አቃተው፤ ነገሩም ከተሰቀለበት ሳይወርድ ቀረ።

አማቴ በዚያው ሳምንት መጡ። ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። በትውልድ አዊ ናቸው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከእሱ ጋር በአገውኛ ነበር የሚነጋገሩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አወሩት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና «ጸበል ይገባል» አሉ።

ሐኪሙ ያለውን ነገርኋቸው። ባዶ ሆዱን መዋል አይችልም አልሁ።

«ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። ሐኪሙ አልወለደውም።»

«ጸበሉን እየጠጣ ምግቡን ቢበላስ፣ እማማ?»

«ጸበል ሊጠጣ ነው ወይስ ሊቀልድ?»

እሱን አየሁት፣ በቃ እንዲል። «እናቴን እምቢ ብያት አላውቅም» አለ። «አሁን አልጀምርም።»

ቡሬ አቅራቢያ ወዳለው ጸበል አብሬው ሄድሁ። ማር በትንሽ ጠርሙስ አድርጌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያዝሁ። እዚያ ያለው ሥርዓት የታወቀ ነው። በጠዋት ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ እህል የሚቀመሰው ቅዳሴ ሲወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደምንም ቻለው። ከሰዓት በኋላ ሲበላ እጁ አፉን ያጣ ነበር። እኔ አያለሁ፣ እናቱ ያያሉ። እኔ ያየሁት ረሃብ ነው፤ እሳቸው ያዩት የያዘው ክፉ መንፈስ ሲሸነፍ ነው።

አንድ ጠዋት ከጸበሉ ወጥቶ ሲቀመጥ መዘባረቅ ጀመረ። በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቀዋል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን እኛን አያይም። «ሰባት ቁረጥ» ይላል። «ከጫፉ ሰባት ቁረጥ። ጎኑ ላይ ትከለው።»

በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ተሰበሰቡ። መንፈሱ ለፈለፈ ተባለ። አንዱ መቁጠሪያ የያዘ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀው ጀመር።

«ማንን ነው የምትቆርጠው? ተናገር።»

«ሰባት።»

«ሰባት ምን? ሰባት ሰው?»

«ጎኑ ላይ» ይላል እሱ። «ወጋ አድርገህ ትከል። አዎ፣ እንዲያ። ጎበዝ።»

በሐሳቡ ክፍል ውስጥ ነበር ያለው። ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ጋ አውጥቶ እያሠራ ነበር። ሰዎቹ እልል አሉ፣ ሊለቀው ነው ብለው ውሃ ጨመሩበት። እኔ በመካከላቸው ተሽሎክልኬ ገብቼ ጭንቅላቱን ታቀፍሁና ማሩን በጣቴ ድዱ ላይ ቀባሁት። እንደገና ቀባሁት። አንዲት ሴት እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ አልለቀቅሁም። ጥቂት ቆይቶ ዋጠ። ከዚያ ስሜን ጠራና «በረደኝ» አለ። ቀና ብሎ እናቱን በአገውኛ አንድ ነገር አላቸው።

«ሊወጣ ሲል ዘጋሽበት» አለኝ መቁጠሪያ የያዘው ሰውዬ። አማቴ ነጠላቸውን አውልቀው ልጃቸውን አለበሱት።

በማግስቱ ወደ ቤታችን ተመለስን። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሆስፒታል ገባ፣ ደም አስመለሰው፣ ሊያቆሙለት አልቻሉም። የተቀበረው አባቱ አጠገብ ነው፣ በሀገሩ ቤተ ክርስቲያን። ቀብሩ ላይ እኔና አማቴ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን። አንዳችን የሌላችንን እጅ አልያዝንም።

ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም ተብሎ አማቴ እስከ አርባው እኔ ዘንድ እንዲቆዩ ተወሰነ። ተዝካሩንም የሥራ ባልደረቦቹ ስላሉ ፍኖተ ሰላም ልናወጣ ተስማማን። ስለዚህ ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ገባን፤ እሳቸው በሳሎኑ፣ እኔ በመኝታ ቤቱ።

ያን ሰሞን ቤቱ ባዶ አልነበረም። ሌላ አገላለጽ አላገኘሁለትም። ነጩ ነገር ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል። በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ነፋስ ሳይኖር ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ ይቆማል፣ መልሶ ይዞራል። አገዳው ሲደርቅ እሾሁን እየለቀቀ ይሁን፣ ሰው ጥርሱን እንደሚያፋጭ ያለ ድምፅ አለው። ድምፁን የምሰማው ፈተና ሳርም፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ በቀን ብርሃን ነው። ቀና ስል ቆሟል። አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና በሩን ሳልከፍት አማቴ ሳሎን ውስጥ በአገውኛ ሲያወሩ እሰማለሁ። ስገባ ዝም ይላሉ። ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። ቤታችን ውስጥ ከእሳቸው ሌላ አገውኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የለም።

እኔም ከእሳቸው አልሻልም ነበር። በሶውን ማሸት አልተውሁም። አስቤበት አይደለም፣ እጄ ነው። ስተኛ ጭብጦውን በሰሃን አድርጌ ከትራሱ አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት አንሥቼ ለዶሮ እሰጣለሁ። አንድ ጠዋት ሰሃኑ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አይጥ ነው አልሁ ለራሴ። አይጥ መሆኑን ግን ላጣራ አልፈለግሁም። በሚቀጥለውም ቀን አስቀመጥሁ።

አማቴ ሰሃኑን ያገኙት ልብሴን ሊያጣጥፉልኝ መኝታ ቤት ሲገቡ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭናቸው ላይ አድርገውት ተቀምጠዋል።

«ይህ የማን ነው?»

«የእሱ ነው።»

«የእሱ ማለት?»

«እጄ ለምዶ ነው፣ እማማ።»

«ማንን ነው የምትመግቢው?»

«ማንንም አልመግብም።»

«ባዶውን ነው ያገኘሁት እኮ።» ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «ያም የእጅሽ ልማድ ነው?»

እሱ ለተማሪዎቹ የሠራው ነው አልኋቸው። ለተማሪ እሾህ ይሠራል ወይ አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከሥሩ ቆሙና በጣታቸው ሳይነኩት ቆጠሩ። ጎን ላይ የተተከሉትን እየለዩ ቆጠሩ፤ እያንዳንዱ ሰባት ነበር። እሱ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ሰባት ካለ ሰባት ነው።

«ያን ዕለት በአፉ ነግሮናል» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ሰባት ቆርጬ ጎኑ ላይ ተከልሁት አለ። እኔ ጆሮ የለኝም? ይኸው ሰባቱ። ይኸው የተወጋበት። ልጄን የበላው ከራሱ ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ እኔ በጸበል እፈልገዋለሁ።»

«እማማ፣ እኔ ነኝ አብሬው የሠራሁት።»

ይህን ባልናገር ይሻል ነበር።

«እንግዲያው አቃጥዪው» አሉ። «ይህ ከተሰቀለበት ቤት የልጄን ተዝካር አላወጣም። ወስጄ ሀገሬ አወጣለሁ። ምነው ከሚስቱ ቤት አላወጣሽም ሲሉኝ ያየሁትን እናገራለሁ።»

ምን እንደሚናገሩ ገብቶኛል። መተት የሚባለው ነገር ስሙ አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። ዘመዶቹ በመንገድ ሲያገኙኝ ይሻገራሉ። መቃብሩ እነሱ ሀገር ነው፤ እዚያ ለመቆም እንኳ የእነሱን ፊት ማየት አለብኝ። ባቃጥለው ደግሞ አመንሁ ማለት ነው። እሱ በእጁ የሠራው የመጨረሻ ነገርም አመድ ይሆናል።

ከጸበሉ ቀን ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው የምዞረው አንድ መልስ ነበረኝ። ልጅዎን መንፈስ አልያዘውም፣ ረሃብ ነው የያዘው፤ ያስራቡት እርስዎ ነዎት የሚል። ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ካስረዳሁ ይህ መልስ ተከትሎ ይመጣል። አንዱን ተናግሮ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። ስኳሩ እንዴት እንደሚከማች የገባው ሰው፣ ባዶ ሆድ ምን እንደሚያደርግ ሳይነግሩት ይገባዋል። ወይ እኔ ባሌን ያስመተትሁ ሴት እሆናለሁ፣ ወይ እሳቸው ልጃቸውን የገደሉ እናት ይሆናሉ። ምድጃው ላይ የተረሳ ሽሮ እስኪያር ድረስ ቆሜ ይህን ሳስብ አመሸሁ።

አማቴ በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አስጠሩ። አባ አርጅተዋል፤ ደረጃውን በመቋሚያቸው ተደግፈው ወጡ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። አማቴ ያዩትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። አባ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ላይ አዩ።

«መተት ነው እየተባለ ብዙ ነገር አሳይተውኛል» አሉ። «እንዲህ በሥርዓት የተሠራ ግን አላጋጠመኝም። ከአርባ ቀበሌ ጠንቋይ አንድም እንዲህ እጁ የጸዳ የለም። ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ተነሣሁ። ተቀምጬ ማስረዳት አላውቅም፣ የአስተማሪ ነገር ነው። የምንበላው እህል ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል አልሁ። ጉበት ተቀብሎ እንዲህ እያያያዘ ያስቀምጠዋል። ጫፉ ላይ ይጨምራል፣ ሲረዝም ሰባት ያህል ቆርጦ ጎኑ ላይ ይተክላል፣ ጫፉ እንዲበዛ። ስናገር ድምፄ የእኔ አልነበረም። ቃሉም፣ ቆም የሚልበት ቦታም የእሱ ነው። እጄ እንኳ እሱ እንደሚያደርገው ወደ ጎን ሲሄድ አየሁት። አማቴም አዩት።

«እሾሁስ?» አሉ አባ።

«እሾሁ መያያዣው ነው። እንዳይበተን።»

«ሰባት ቁረጥ ያለው እንግዲህ ይህን ነው።»

«ይህን ነው። ተማሪ እያሠራ ነበር፣ አባ። ጎበዝ ሲል ሰምተውታል።»

አባ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። «ጎበዝ የሚል መንፈስ እኔም አላውቅም» አሉ።

አማቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ሰው ጦም ሲውል የሚነቀለው ይህ ነው?»

«አዎ።»

«የእሱ ያን ዕለት ስንት ቀርቶት ነበር?»

አባ መቋሚያቸውን አዩ። እኔ ወደ ላይ አየሁ። መልሱን ያን ያህል ጊዜ ይዤው ዞሬ፣ አሁን በገዛ እጃቸው በሩን ከፈቱልኝ። ምንም አልቀረውም ነበር ማለት ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ነው። እሳቸው ደግሞ ይህንኑ እየጠበቁ ነበር፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። መተቱን የፈለጉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከእኔ ቀድሞ ገብቷቸው ነበር። ያን ጠዋት ማሩን ውጦ ዓይኑ ሲመለስ ያዩት እሳቸውም ናቸው።

«ማር ስቀባው ተመለሰ እኮ፣ እማማ» አልሁ። «እርስዎንም አናገረዎት። ከዚያ በኋላ ገናን አብረን ዋልን፣ ጥምቀትን ዋልን። የሞተው ደም ስላስመለሰው ነው። ጉበቱ ከክረምት ጀምሮ ይህን መሥራት ትቶ ነበር፤ ቢበላም አይሠራውም፣ ባይበላም አይሠራውም። እኔም አልዘጋሁበትም፣ እርስዎም አልነቀሉበትም።»

ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ሙሉ እውነት እንደሆነ አላውቅም። በደሙ መሞቱ እውነት ነው። እነዚያ የጸበል ጠዋቶች ምን እንዳደረጉት ሐኪሙ አልነገረኝም፤ እኔም ሄጄ አልጠየቅሁም።

«አልነቀልሁበትም?» አሉ።

«አልነቀሉበትም።»

አባ ተነሥተው መስቀላቸውን አሳለሙን። ለአማቴ «ከእንግዲህ ለታመመ ሰው እህል አትከልክሉ፤ ጸበሉ አይቀየምም» ብለው ወጡ። ደረጃው ላይ ደግፌ አወረድኋቸው። ስመለስ አማቴ ከነጩ ነገር ሥር ቆመዋል።

«አታቃጥዪው» አሉኝ። «ግን ከዚህ አውጪልኝ። ሲዞር እሱ እየመሰለኝ አናግረዋለሁ።»

«ሰምቼዎታለሁ።»

«መልስ አይሰጠኝም። ግን የሚሰማኝ ይመስለኛል።»

«ምን ይሉታል፣ እማማ?»

«እህል ቀምሰሃል ወይ እለዋለሁ።»

እሳቸው ለተዝካሩ የሚሆነውን ጌሾ ሊወቅጡ ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ክሩን ፈታሁ። እንደዚያ ቀላል መሆኑን ረስቼው ነበር። ሳወርደው ከአንዱ ጎን ጥቂት ቁራጮች ረገፉ፤ ነቀዝ ውስጣቸውን በልቶት ኖሯል። በነጠላ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ እሱ ትምህርት ቤት ወሰድሁት። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየኝ «መምህርት፣ አበባ ነው ወይስ አጥር?» አለኝ። ስኳር ነው አልሁት። በእሱ ቦታ የገባችው አስተማሪ ወጣት ናት። ምን እንደሆነ ሳልነግራት አወቀችው። የረገፈበትን ጎን አየችና ልጆቹ ይጨርሱታል አለች። የት እንደምትሰቅለው ሳላይ ወጣሁ።

ተዝካሩ ከቤታችን ወጣ። ዘመዶቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ደግ ነበር እያሉ አወሩ። አማቴ በማግስቱ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ሀገራቸው ሄዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆነው ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አላልኋቸውም። «ብቻሽን አትክረሚ» ነው ያሉኝ።

ሳሎኑ አሁን ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ግን ባዶ ቤት እንዳለው ጸጥታ አይደለም። ቀና ብዬ ላለማየት እጠነቀቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን እዘነጋለሁ። ሰሃኑን ማስቀመጥ ትቻለሁ። መቼ እንደተውሁት አላስታውስም፤ አንድ ጠዋት ስነሣ እንዳላስቀመጥሁ አየሁ፣ እና ተቀምጬ አለቀስሁ።

አሁን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ቡሬ እሄዳለሁ፤ አማቴ ዘንድ አድሬ እሑድ እመለሳለሁ።